ከትምህርት ቤት ክትባት «ነፃ» መሆን ለማን ነው?



ጁላይና ኦገስት ሲመጡ በክሊኒካችን ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ለእርግዝና ክትትል ወይም ለመከላከያ መርፌ የመጡ እናቶች ጉዳያቸውን ከጨረሱ በኋላ ከቦርሳቸው ደብዳቤ ያወጣሉ። ደብዳቤው ከልጃቸው ትምህርት ቤት የተላከ ነው፤ ክትባቱ ያልተሟላ ተማሪ ክፍል እንደማይገባ ይገልጻል። ከዚያም «ልጄን ከክትባቱ ነፃ የሚያደርግ ወረቀት ትጽፉልኛላችሁ?» ይሉናል።

እንዲህ ያለ ወረቀት መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ጥያቄ ይዘው ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ነገር ነው። የአንዷ ልጅ ሀገር ቤት ሳለ ተከትቧል፤ ካርዱን በትክክል ያነበበለት ሰው ግን አላገኘም። የሌላዋ ልጅ የሚያስፈልገው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሌላዋን ደግሞ ጎረቤቷ «ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብለሽ ፈርሚ፣ ቶሎ ያልቃል» ብላ መክራታለች። በእርግጥ ነፃ መሆን የሚገባው ልጅ በጣም ጥቂት ነው፤ ለእሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ነፃ የሚሆነው ከአንድ ወይም ከሁለት ክትባት እንጂ ከሁሉም አይደለም።

በዚህ እትም ብዙዎቻችን በምንኖርባቸው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ደንቡ ምን እንደሚል እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት «የእኛ አቆጣጠር» ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደንቡን የሚያወጣው ማን ነው?

በአሜሪካ ተማሪ የትኛውን ክትባት መከተብ እንዳለበት የሚደነግገው እያንዳንዱ ስቴት ነው። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1905 ከማሳቹሴትስ በቀረበለት የፈንጣጣ ክትባት ክርክር ስቴቶች ክትባትን ግዴታ ማድረግ እንደሚችሉ ወሰነ። በ1922 ደግሞ የቴክሳሷ ሳን አንቶኒዮ ከተማ ያልተከተበች ተማሪን ከትምህርት ቤት መከልከሏን አጸና። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ሕግ ሲያወጣና ሲያሻሽል ቆይቷል። በሕክምና ምክንያት ነፃ መሆንን ሁሉም ይፈቅዳሉ። በሃይማኖት ምክንያት ነፃ መሆንን ግን ካሊፎርኒያ በ2015፣ ኒው ዮርክና ሜይን በ2019፣ ኮኔክቲከት በ2021 ባወጧቸው ሕጎች አስቀርተዋል። «እኔ በክትባት አላምንም» የሚል የግል አስተያየት ብቻውን የሚበቃባቸው ስቴቶችም አሉ።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሕክምናንና የሃይማኖትን ምክንያት ይቀበላሉ፤ የግል አስተያየትን ግን አይቀበሉም። (የኤች ፒ ቪ ክትባት ጉዳይ ለብቻው ነው፤ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።) ስለዚህ ሌላ ስቴት የምትኖር እህትዎ በስልክ የነገረችዎት ነገር ለእርስዎ ልጅ ላይሠራ ይችላል። ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው የተዛወረ ቤተሰብም የድሮውን ወረቀት ይዞ ቢሄድ አዲሱ ትምህርት ቤት ሊመልሰው ይችላል።

አስቀድሞ ካርዱ ይነበብ

ከሀገር ቤት በቅርቡ ለመጡ ልጆች ዋናው ችግር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

የመጀመሪያው ችግር የቀን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የሚሰጠው የክትባት ካርድ የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። የልጁ ፓስፖርት ግን በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ለምሳሌ አንድ ልጅ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። ፓስፖርቱ ላይ የሚጻፈው ሴፕቴምበር 26 ቀን 2019 ነው። በዘጠኝ ወሩ፣ ሰኔ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የኩፍኝ ክትባት ወሰደ። ካርዱ ላይ የሠፈረው 20/10/2012 ነው። እዚህ ያለችው የትምህርት ቤት ነርስ ይህን የምታነበው ኦክቶበር 20 ቀን 2012 ብላ ነው። በእሷ አነባበብ ልጁ የተከተበው ከመወለዱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ይሆናል! ካርዱን የተሳሳተ ወይም የሐሰት ነው ብላ ብትመልሰው አይፈረድባትም። ትክክለኛው ቀን ጁን 27 ቀን 2020 ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም። በዋናው ካርድ ላይ አንድም ፊደል አይጨምሩ፣ አይሰርዙ። ካርዱን የኢትዮጵያን አቆጣጠር ወደሚያውቅ ክሊኒክ ይውሰዱት። እዚያ እያንዳንዱ ቀን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተለውጦ በስቴቱ የክትባት ፎርም ላይ ይገለበጣል፤ የጤና ባለሙያም ይፈርምበታል። ዋናው ካርድ አብሮ ይያዛል።

ሁለተኛው ችግር ቀኑ በትክክል ከተነበበ በኋላ የሚመጣ ነው። በኢትዮጵያ በትክክል የተሰጠ ክትባት ሁሉ እዚህ አይቆጠርም። ይህ የኢትዮጵያን ክትባት ዝቅ አድርጎ ከማየት የመጣ አይደለም፤ የሁለቱ ሀገሮች ፕሮግራም የተቀረጸው ለየራሳቸው ሁኔታ ስለሆነ ነው። ኩፍኝን እንውሰድ። ሀገር ቤት በሽታው ጨቅላ ሕፃናትን ስለሚያጠቃ የመጀመሪያው ዶዝ በዘጠኝ ወር ይሰጣል። አሜሪካ ግን የሚቆጠረው ልጁ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ የተሰጠው ብቻ ነው። ከ2019 ወዲህ በኢትዮጵያ በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ዶዝ ለኩፍኝ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ እዚህ የሚፈለገው ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን በአንድነት የሚከላከለው ኤም ኤም አር የሚባለው ክትባት ነው። የኩፍኝ ክትባት ብቻ የወሰደ ልጅ ለጆሮ ደግፍና ለሩቤላ ገና አልተከተበም ማለት ነው።

ፖሊዮም እንዲሁ ነው። ከኤፕሪል 2016 ወዲህ በአፍ የሚሰጠው ጠብታ ከሦስቱ የፖሊዮ ዓይነቶች ሁለቱን ብቻ የሚከላከል ሆኗል። ስለዚህ አሜሪካ ከዚያ ጊዜ በኋላ የተሰጠውን ጠብታ አትቆጥርም፤ በመርፌ የተሰጠውን ግን ትቆጥራለች። አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ክትባት ለትክትክ፣ ለመንጋጋ ቆልፍና ለዘጊ አነዳ ይቆጠራል፤ ሆኖም ልጁ አራት ዓመት ከሞላው በኋላ ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። የጉድፍ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ ፕሮግራም ውስጥ ስለሌለ ብዙዎቹ ልጆቻችን አልወሰዱትም። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ደግሞ እዚህ አይጠየቅም።

እናቶች «ልጄ ሁለት ጊዜ ሊወጋ ነው ወይ?» ብለው ይጨነቃሉ። ካርድ ከጠፋ ወይም ቀኑ ካልታወቀ ክትባቱን እንደገና መስጠት የተለመደ አሠራር ነው፤ ትርፍ ዶዝ መውሰድም ልጁን አይጎዳውም። መርፌ ለመቀነስ የሚፈልጉ ከሆነ በደም ምርመራ ልጁ ለኩፍኝ፣ ለጆሮ ደግፍ፣ ለሩቤላና ለጉድፍ መከላከያ እንዳለው ማሳየት ይቻላል። በምርመራ መከላከያ ከተገኘ ውጤቱ በክትባቱ ምትክ ይቀርባል። ይህ «ነፃ መሆን» አይደለም፤ ልጁ መሥፈርቱን አሟልቷል ማለት ነው። ምርመራው ግን ገንዘብ ሊያስከፍል ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ።

ጊዜ መጠየቅ ሌላ፣ ነፃ መሆን ሌላ

በርካታ ክትባት የቀረበት ልጅ ሁሉንም በአንድ ቀን ሊጨርስ አይችልም። ለምሳሌ በሁለት የኤም ኤም አር ዶዞች መካከል ቢያንስ 28 ቀን መኖር አለበት። ደንቡም ይህን ያውቃል። በሜሪላንድ በ20 ቀን ውስጥ የክትባት ቀጠሮ እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ ያቀረበ ተማሪ ለጊዜው ይገባል። በቨርጂኒያ ከሚፈለጉት ክትባቶች ከእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ዶዝ ወስዶ ለቀሪው ዕቅድ ያቀረበ ተማሪ ለ90 ቀን በሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ይመዘገባል። በዲሲ ትምህርት ቤቱ ጉድለቱን ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ የ20 የትምህርት ቀናት ጊዜ አለ። ቋሚ መኖሪያ የሌለው ወይም ከዘመድ ጋር ተዳብሎ የሚኖር ቤተሰብ ልጅ ደግሞ ወረቀቱ ባይሟላም ወዲያው እንዲመዘገብ የፌዴራል ሕግ ያዛል። ከሀገር ቤት መጥተው አክስት ቤት ሳሎን ውስጥ የሚኖሩ ስንት ቤተሰቦች እንዳሉ እናውቃለን፤ ይህ ሕግ እነሱንም ሊመለከት እንደሚችል ግን ብዙዎቹ አልሰሙም። ለትምህርት ቤቱ በግልጽ ይናገሩ።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የሚያሳስባቸውም አሉ። ከ1982 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት ማንኛውም ልጅ ወረቀት ቢኖረውም ባይኖረውም በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብት አለው። የክትባት ፎርሙም የሚጠይቀው ስለ ክትባት ብቻ ነው።

በሕክምና ምክንያት ነፃ መሆን

ይህ ወረቀት የተዘጋጀው ክትባቱ ሊጎዳቸው ለሚችሉ ልጆች ነው። የሚሰጠውም ሐኪሙ ወይም ሕጉ የሚፈቅድለት ሌላ የጤና ባለሙያ መርምሮ ሲፈርም ነው። በቨርጂኒያ ፈራሚው የሕመሙን ምንነትና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ለይቶ መጻፍ አለበት። «ክትባት አይስማማውም» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም።

በእርግጥ የሚከለክሉት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ልጁ ቀደም ሲል ያንኑ ክትባት ወስዶ ወይም በክትባቱ ውስጥ ባለ አንድ ነገር ምክንያት ትንፋሽ እስኪያጥረው፣ ፊቱ እስኪያብጥ ወይም ራሱን እስኪስት ድረስ ከባድ አለርጂ ደርሶበት ከሆነ ያ ክትባት አይደገምም። የሰውነቱ የመከላከል አቅም በጣም የተዳከመ ልጅ፣ ለምሳሌ ለካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ወይም ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ፣ እንደ ኤም ኤም አርና እንደ ጉድፍ ያሉትን ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የተሠሩ ክትባቶች አይወስድም። ሌሎቹን ግን ሊወስድ ይችላል። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ ያለ ልጅ እንኳ ሁልጊዜ የተከለከለ አይደለም፤ የሚወሰነው በደም ምርመራው ውጤት ነው። የትክትክ ክትባት ከወሰደ በሰባት ቀን ውስጥ ምክንያቱ ያልታወቀ ከባድ የአንጎል ሕመም የደረሰበት ልጅ የትክትኩን ክፍል ዳግመኛ አይወስድም። በቅርቡ ደም የተሰጠው ልጅ ለኤም ኤም አር ጥቂት ወራት ሊጠብቅ ይገባል።

የማይከለክሉት ግን ብዙ ናቸው። ጉንፋን፣ ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ አንቲባዮቲክ መውሰድ፣ የእንቁላል አለርጂ፣ ባለፈው ክትባት ክንድ ማበጡ ወይም ሌሊቱን ማልቀሱ አንዳቸውም ለነፃነት ወረቀት አያበቁም።

ነፍሰ ጡር እናቶች አዘውትረው የሚጠይቁን ደግሞ ይህን ነው፤ «እኔ ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ ቤት ያለው ልጄ ኤም ኤም አር ባይወስድስ?» እንዲያውም ይውሰድ። ኤም ኤም አር የተከተበ ልጅ በክትባቱ ምክንያት በሽታውን ወደ እናቱ አያስተላልፍም። ሩቤላ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ከገባ ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያለ ፅንስ መስማትና ማየት የተሳነው ወይም የልብ ችግር ያለበት ሆኖ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። ነፍሰ ጡሯን የሚጠብቃት በዙሪያዋ ያሉት መከተባቸው ነው።

እርጉዝ የሆነች ተማሪ

ስለዚህ ጉዳይ ለብቻ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በወላጆችም በትምህርት ቤትም ዘንድ አይወራም። ከ11ኛ ወይም ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል እርጉዝ የሆነች ትኖራለች። ትምህርት ቤቱ ኤም ኤም አርና ጉድፍ አልተሟሉም ብሎ ደብዳቤ ይልካል። ልጅቷ ደግሞ እርግዝናዋን ለማንም አልተናገረችም። ደብዳቤው እንዳይደገም ብላ ዝም ብላ ትከተብ ይሆናል፤ ወይም ትምህርቷን ትተዋለች።

በእርግዝና ጊዜ ኤም ኤም አርና የጉድፍ ክትባት አይሰጡም። የኤች ፒ ቪ ክትባትም እስክትወልድ ይቆያል። ስለዚህ ይህች ተማሪ በሕክምና ምክንያት ለጊዜው ነፃ የመሆን ሙሉ መብት አላት። ስትወልድ ነፃነቱ ያበቃል፤ ኤም ኤም አሩንና ጉድፉን ጡት እያጠባችም መውሰድ ትችላለች። የትክትክ፣ የመንጋጋ ቆልፍና የዘጊ አነዳ ማጠናከሪያ ግን በእርግዝና ጊዜም ይሰጣል፤ እንዲያውም ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ እንድትወስደው ይመከራል፤ የሚወለደውን ሕፃን ከትክትክ ይከላከልለታልና።

እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ የተከተበች ካለች አትደንግጥ። ይህ ፅንሱን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም፤ ለምትከታተላት አዋላጅ ነርስ ወይም ሐኪም ትንገር። ያልረገዘች ደግሞ ኤም ኤም አር ወይም ጉድፍ ከተከተበች በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር እንዳታረግዝ ይመከራል። የእርግዝና መከላከያ ለመጠየቅ ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ፎርሙ ላይ የሚጻፈው ምን እንደሆነ፣ በትምህርት ቤቱ ማን እንደሚያየው ከመፈረሙ በፊት ከባለሙያዋ ጋር ተነጋገሪ። እህቴ፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ፣ ወደ እኛ ስትመጪ በመጠበቂያ ክፍል ምክንያትሽን እንድትናገሪ የሚያስገድድሽ የለም፤ «ነርሷን ለብቻ ማነጋገር እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል።

በሃይማኖት ምክንያት

በሜሪላንድ ወላጅ የሚፈርመው 896 በሚባለው የስቴቱ የክትባት ፎርም ላይ ነው። ፎርሙ ተቃውሞው በቅን ልቦና ከሆነ ሃይማኖታዊ እምነት የመነጨ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ወረርሽኝ ሲነሣ ግን እንደማይሠራ እዚያው ተጽፏል። በቨርጂኒያ በኖተሪ ፊት ቃለ መሐላ ተፈጽሞ ይፈረማል። በዲሲም ተቃውሞው በጽሑፍና በቅን ልቦና መቅረብ አለበት።

እንዲህ ያለ እምነት በእውነት ላለው ሰው ሕጉ የሰጠውን መብት አንነካበትም። የምናየው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ልጇን ክርስትና ያስነሣች፣ ራሷም በልጅነቷ የተከተበች እናት ቀጠሮ ለመያዝ ስላልተመቻት ብቻ በኖተሪ ፊት «እምነቴ አይፈቅድም» ብላ ትምላለች። በሐሰት መማል በየትኛው ሃይማኖት እንደሚፈቀድ አናውቅም። በሀገራችን የክትባት ዘመቻ ከቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረትና ከመስጊድ ሲነገር ሰምተን ነው ያደግነው።

አንድ እውነተኛ ጥያቄ ግን አለ፤ የአሳማ ነገር ጉዳይ። በብዛት በሚሠራበት የኤም ኤም አር ክትባትና በጉድፍ ክትባት ውስጥ ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን አለ። እስላምም ክርስቲያንም ወላጆች ይህን ሲሰሙ ይረበሻሉ፤ ቢረበሹም አይገርምም። በ1995 ኩዌት ላይ የተሰበሰቡ የእስልምና ሊቃውንት ጄላቲኑ ባሕርዩ ፈጽሞ የተለወጠ ስለሆነ የሚፈቀድ ነው ብለዋል። ይህ ለማያረካው ደግሞ በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደው ፕሪዮሪክስ የሚባለው የኤም ኤም አር ክትባት ጄላቲን የለውም። ክሊኒኩ ያንን እንዲያስመጣ መጠየቅ ከመማል ይቀላል።

የኤች ፒ ቪ ክትባት

ዲሲና ቨርጂኒያ በ2007 ባወጧቸው ሕጎች የኤች ፒ ቪ ክትባትን ከትምህርት ቤት መሥፈርቶች ጋር ደመሩ፤ በመጀመሪያ ለሴቶች፣ ኋላ ለወንዶችም። ሜሪላንድ ግን አትጠይቅም። ከሌሎቹ የሚለየው ወላጅ ስለ ክትባቱ የተሰጠውን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ የሃይማኖትም የሕክምናም ምክንያት ሳያቀርብ አልፈልግም ማለት መቻሉ ነው።

ስለ መብቱ ነገርንዎት፤ አሁን ደግሞ ስለ በሽታው እንንገርዎት። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች በሁለተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ክትባቱ የሚጠቅመው ቫይረሱ ከመያዙ በፊት ሲሰጥ ነው፤ በ11 ወይም በ12 ዓመት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። «ልጄን ለወንድ ማዘጋጀት አይሆንም ወይ?» የሚሉን እናቶች አሉ። አይሆንም። ልጅዎ በሠላሳ ዓመቷ በተክሊል ብታገባም ባሏ ቫይረሱን ይዞ ሊመጣ ይችላል። መካን ያደርጋል የሚባለውም እውነት አይደለም፤ ካንሰሩ ሥር ሲሰድ በሚደረገው ሕክምና ግን ማህፀን ይወጣል። ኢትዮጵያም ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ ይህን ክትባት ለልጃገረዶች በትምህርት ቤት ትሰጣለች፤ ልጅዎ እዚያ ወስዳ ከሆነ ካርዷ ይፈለግ፣ ይቆጠርላታል።

ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ

ነፃ የሆነ ልጅ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ተለይቶ ይጻፋል። በትምህርት ቤቱ አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ቢገኝ ያልተከተቡት ልጆች ለመጨረሻ ጊዜ ለበሽታው ከተጋለጡበት ቀን ጀምሮ ለ21 ቀን ከትምህርት ቤት እንዲቀሩ ይደረጋል። ሌላ ሰው ከታመመ ደግሞ ቆጠራው እንደገና ሊጀመር ይችላል። በሰዓት ለሚከፈላት፣ ልጁን የሚይዝላት ዘመድ ለሌላት እናት የሦስት ሳምንት ደመወዝ ቀላል አይደለም።

ወረርሽኙ ደግሞ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2017 በሚኒሶታ 75 ሰዎች በኩፍኝ ሲያዙ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሊያ ተወላጅ ልጆች ነበሩ። ወላጆቻቸውን ያስፈራቸው ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ ነበር። ወሬው የተነሣው በ1998 በእንግሊዝ በ12 ልጆች ላይ ብቻ ተመሥርቶ ከወጣ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉን መጽሔቱ በ2010 ሰርዞታል፣ ጸሐፊው ሐኪምም ፈቃዱን ተነጥቋል። ሶማሊዎቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ያ ወሬ የእኛንም ሰዎች ቤት አንኳኩቷል። በ2025 ደግሞ በቴክሳስ በተነሣው ወረርሽኝ 762 ሰዎች ታመሙ፤ ለትምህርት የደረሱ ሁለት ያልተከተቡ ልጆች ሞቱ።

ክረምት ላይ ልጆቻቸውን አያት ለማሳየት ወደ ሀገር ቤት የሚሄዱ ቤተሰቦችም ያስቡበት። የነፃነት ወረቀቱ የሚሠራው ለትምህርት ቤቱ በር ነው፤ ኩፍኝ በሚበዛበት ሀገር አውቶቡስ ውስጥ ግን ልጁን አይከላከልለትም። ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ይዘው የሚጓዙ ከሆነ ከጉዞው በፊት አንድ የኤም ኤም አር ዶዝ እንዲሰጠው ይጠይቁ። ይህ ዶዝ ግን በኋላ ለትምህርት ቤት አይቆጠርለትም፤ አንድ ዓመት ሲሞላው ሁለቱን እንደ አዲስ ይወስዳል።

ክፍያን በተመለከተ፣ ከ1994 ጀምሮ በሚሠራበት የፌዴራል ፕሮግራም መሠረት ኢንሹራንስ የሌላቸውና ሜዲኬይድ ያላቸው ልጆች እስከ 18 ዓመታቸው ድረስ ክትባቱን በነፃ ያገኛሉ። ክሊኒኩ ለመርፌው አገልግሎት መጠነኛ ክፍያ ሊጠይቅ ቢችልም፣ መክፈል ያልቻለን ልጅ ሳይከትብ መመለስ አይችልም።

ወደ ቀጠሮ ሲመጡ የልጁን ዋና የክትባት ካርድ፣ የልደት ቀኑ ያለበትን ፓስፖርት ወይም የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከትምህርት ቤቱ የመጣውን ደብዳቤና ባዶውን ፎርም ይዘው ይምጡ። ልጁ ከዚህ ቀደም ከክትባት በኋላ ያስደነገጠዎት ነገር ደርሶበት ከሆነ ምን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደጀመረና የት እንደታከመ በወረቀት ላይ ጽፈው ያምጡ። በሕክምና ምክንያት ነፃ የሚያደርገውን ፎርም ለመሙላት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ያ ወረቀት ነው።